የአፕል ችግኝ ሁለት ስም አለው

ከስድስት ዓመት በፊት ቦሩ ሜዳ፣ አክስቴ ጓሮ ላይ፣ አምስት የአፕል ችግኝ ተከልኩ። የሸጠልኝ ሰውዬ «ሁሉም አና ነው፣ አብሽር» አለኝ፤ አና የአፕል ዓይነት ስም ነው። ወሎ ላይ አብሽር ከተባለ በኋላ ምን ይጠየቃል? ከፈልኩ፣ ባጃጅ ላይ ጫንኩ፣ ሄድኩ።

ውጤቱን ልንገራችሁ። ከአምስቱ ሦስቱ እውነትም አና ሆኑ። አንዱ ቢበስልም አረንጓዴነቱን የማይለቅ፣ ጥርስ የሚያጠርስ ግራኒ ስሚዝ ሆኖ ተገኘ። አምስተኛው ጉድ ነው፤ እሱን ትንሽ ቆይቼ አመጣዋለሁ።

አሁን ጓሮ ያለው ዘመድ ሁሉ ሲያገኘኝ «ጥሩው የአፕል ዓይነት የትኛው ነው?» ይለኛል። እኔ ደግሞ ጥያቄውን በጥያቄ እመልሳለሁ። የምትተክለው የት ነው? ምን ያህል ይበርዳል? ችግኙ ከላይ ምን ተቀጠለበት፣ ከታችስ ምን አለው? አጠገቡ ሌላ ምን አፕል አለ? ይሄ ሳይታወቅ የሚሰጥ መልስ የሎተሪ ቁጥር ነው።

(ፖም ነው አፕል? አክስቴ እስከ ዛሬ ፖም ነው የምትለው። ገበያው ግን አፕል ብሎታል፤ እኔም ከገበያው ጋር ነኝ።)

ዘሩን ብቀብረውስ?

ይበቅላል። ግን የበላችሁትን አፕል አይሆንም።

ኮክ ነው ያሳሳተን። የኮክ ዘር ጓሮ ጥላችሁ ብትረሱት ከዓመታት በኋላ የሚበላ ነገር የሚያፈራ ዛፍ ሆኖ ታገኙታላችሁ። አፕል እንዲህ አይደለም። የአፕል አበባ በራሱ ብናኝ እምብዛም አይጸንስም፣ የሌላ ዓይነት አፕል ብናኝ ይፈልጋል፤ ስለዚህ እያንዳንዷ ዘር የእናትና የአባት ድብልቅ ናት። ከአንድ አፕል አምስት ዘር አውጥታችሁ ብትተክሉ አምስት የማይመሳሰሉ ዛፎች ይወጣሉ፣ እንደ አንድ ቤት ልጆች አንዱ ቀይ አንዱ ጠይም። አብዛኞቹም ትንንሽና ኮምጣጣ ፍሬ ነው የሚሰጡት፣ ያውም ከስንት ዓመት ጥበቃ በኋላ።

ስለዚህ ስም ያለው አፕል ሁሉ የሚራባው በቅርንጫፍ ነው። ግራኒ ስሚዝን ውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ1868 አካባቢ አውስትራሊያ፣ ሲድኒ አጠገብ፣ ማሪያ አን ስሚዝ በሚባሉ ሴት ይዞታ ላይ በአጋጣሚ የበቀለ ዛፍ ነው። ግራኒ ማለት አያት ማለት ነው፤ በእሳቸው ስም ተጠራ። ዛሬ ደሴ ፒያሳ ከፍራፍሬ ቤት የምትገዙት አረንጓዴ አፕል የዚያ የአንድ ዛፍ ቅርንጫፍ፣ የቅርንጫፉ ቅርንጫፍ እያለ የመጣ ነው። በመሃል ዘር የሚባል ነገር አልገባም።

ከላይ ማን፣ ከታች ማን

ቅርንጫፍ ብቻውን መሬት ላይ ቢሰኩት አፕል በቀላሉ ሥር አይሰድም። ስለዚህ ሥር ያለው ሌላ የአፕል ግንድ ላይ ይቀጠላል። ግራፍቲንግ የሚሉት ይሄንን ነው፤ ችግኝ ጣቢያ ሄዳችሁ «የተዳቀለ» ሲሏችሁም ይሄንኑ ማለታቸው ነው።

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚስተው። የገዛችሁት ችግኝ አንድ ዛፍ ይመስላል እንጂ ሁለት ዛፍ ነው። የላይኛው ፍሬውን ይወስናል፤ ቀለሙን፣ ጣዕሙን፣ መቼ እንደሚደርስ። የታችኛው ደግሞ ዛፉ ምን ያህል እንደሚያድግ፣ ድርቅ ይችል እንደሆነ፣ ሥሩ ምን በሽታ እንደሚቋቋም ይወስናል። እኛ አገር ብዙ ጊዜ የሚሰማው የታችኛው ግንድ ስም ኤምኤም 106 ነው። እንግሊዝ አገር ሞሊንግና መርተን የሚባሉ ሁለት የምርምር ጣቢያዎች አብረው ያወጡት ነው፣ ሁለቱ ኤሞች የእነሱ ፊደል ናቸው። ዛፉን መካከለኛ ቁመት ላይ ይይዘዋል፣ ከአራት እስከ አምስት ሜትር። ኤም 9 የሚባለው ከሦስት ሜትር ብዙም አያልፍም፤ ግን ሥሩ ደካማ ስለሆነ ዕድሜውን ሙሉ ደጋፊ እንጨት ይፈልጋል። ኤምኤም 111 ደግሞ ከፍ ይላል፣ ድርቅም የተሻለ ይችላል። በልግ በሚዋዥቅበት አገራችን ውሃ የሚያጥረው ሰው ይሄኛውን ቢጠይቅ አይጎዳም።

ችግኝ ሻጭ የላይኛውን ስም ይነግራችኋል። የታችኛውን ስትጠይቁት ግን በቅሎ አባትሽ ማነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት እንዳለችው ይሆናል ነገሩ። «አና ነው ስልህ!» ይላል። ገባን፣ አና የላይኛው ነው፤ ከታችስ?

አሁን ወደ አምስተኛው ዛፍ። ከሁሉም ቀድሞ ያደገ እሱ ነበር። በሁለት ዓመት ውስጥ አጥሩን አልፎ ሄደ፣ እኔም ለመጣ እንግዳ ሁሉ መጀመሪያ እሱን ነበር የማሳየው። በአራተኛው ዓመት አፈራ። ፍሬው ደቃቃ፣ ስትነክሰው አፍ የሚሰበስብ። ያን ጊዜ ነው ጎንበስ ብዬ ግንዱን በደንብ ያየሁት። ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ እንደ ጉልበት ያበጠ ቦታ አለ፣ የተቀጠለበት ጠባሳ ነው። ከጠባሳው በላይ የደረቀ ጉቶ፣ የአውራ ጣት ያህል፣ ጥቁር። እኔ ስኮራበት የኖርኩት ዛፍ በሙሉ የወጣው ከጠባሳው በታች ነው። አናው ገና ድሮ ሞቷል። የታችኛው ግንድ ነው ተንሰራፍቶ ጓሮውን የወረሰው።

እናም ችግኝ ስትገዙ ያንን ጠባሳ ፈልጉ። ከሌለ የተዳቀለ አይደለም። ካለ ደግሞ ቅጠሉ ከእሱ በላይ መውጣቱን እዩ። ከበታቹ ቡቃያ ባያችሁ ቁጥር ሳትራሩ ቁረጡ። ስትተክሉም ጠባሳው አፈር ውስጥ እንዳይገባ፣ ቢያንስ አሥር ሴንቲሜትር ከመሬት በላይ ይሁን። ከተቀበረ የላይኛው በራሱ ሥር ይሰድና የታችኛው ግንድ ጥቅም ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

ብርዱ ስንት ሰዓት ነው?

አፕል የተገኘው ከመካከለኛው እስያ ተራሮች ነው፣ ከካዛኪስታን አካባቢ። እዚያ ክረምቱ በረዶ ነው። ዛፉ ቅጠሉን አራግፎ ይተኛል፤ የሚነቃውም በቂ ብርድ ከቆጠረ በኋላ ነው። ቆጠራው በሰዓት ነው፤ በደምሳሳው ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች የሆነ እያንዳንዱ ሰዓት ይደመራል። አና ከ200 እስከ 300 ሰዓት ይበቃዋል። ሬድ ደሊሽስ ግን ወደ 800 እና ከዚያም በላይ ይጠይቃል።

እኛ ዘንድ ችግሩ ቀኑ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ አጥንት ይሰብራል፣ ረፋድ ላይ ግን ፀሐዩ ይወጣና ጋቢ ያስጥላል። ሌሊት የተጠራቀመው ብርድ ቀን ላይ በከፊል ይሰረዛል። ብርዱን ያልጠገበ ዛፍ ታዲያ ግራ ይጋባል። ቅርንጫፉ ጫፍ ላይ ብቻ ቅጠል አውጥቶ መሃሉ ራቁቱን ይቀራል፤ አንዱ ጋ አበባ፣ አንዱ ጋ ብይ የሚያክል ፍሬ፣ ሌላው ጋ የተዘጋ እንቡጥ፣ ሁሉም ባንድ ቀን አንድ ዛፍ ላይ። «ዓመቱን ሙሉ ያብባል» ብሎ የሚደሰት ሰው አይቻለሁ። ደስታ አይደለም፣ እንቅልፍ ያጣ ዛፍ ነው።

ለዚህ ነው ከፍታ ወሳኝ የሆነው። አንድ ሺህ ሜትር ከፍ ባላችሁ ቁጥር ስድስት ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ናት፣ ደሴ ደግሞ ወደ 2,500። በሁለቱ መሃል ያለውን የሐረጎን ዳገት ወጥታችሁ ሳትጨርሱ የመኪናውን መስኮት የምትዘጉት ለዚህ ነው፤ አራት ዲግሪ ያህል ልዩነት አለ። ኮምቦልቻ ላይ ጓሮ ያለው ሰው አፕል ልትከል ሲለኝ ማንጎ ትከል እለዋለሁ፣ ይቀየመኛል። ደሴ፣ ኩታበር፣ ቦሩ ሜዳ ላይ አናና ዶርሴት ጎልደን ይሄዳሉ። ወደ ሌጋምቦና ደላንታ ደጋ ሲወጣ ብርዱ ስለሚጨምር ከእነዚህ የበለጠ ብርድ የሚፈልጉትንም መሞከር ይቻላል፤ እዚያ ደግሞ ዋናው ጠላት ውርጭ ነው። የተከፈተ አበባ ከዜሮ በታች ሁለት ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይሞታል፣ ጠዋት ስታዩት መሃሉ ጠቁሯል።

ማን ማን እንደሆነ መለየት

ቀለም ብቻውን አይታመንም። ያው ዛፍ ላይ ፀሐይ ያገኘው ፍሬ ይቀላል፣ ቅጠል ሥር የተደበቀው ሐመር ይሆናል። ቅርጹን፣ ቂጡን፣ ቆዳው ላይ ያሉትን ነጠብጣቦችና ጣዕሙን አንድ ላይ ማየት ነው።

ቀላሉ ልምምድ ይሄ ነው፦ ፍራፍሬ ቤት ሂዱና ከውጭ ከገባው ከየዓይነቱ አንድ አንድ ግዙ። ብዙዎቹ ላይ የተለጠፈችዋን ትንሽ ወረቀት አትጣሉ፣ አራት አሃዝ አለባት። 4016 ሬድ ደሊሽስ ነው፣ 4017 ግራኒ ስሚዝ፣ 4020 ጎልደን ደሊሽስ፣ 4131 ፉጂ፣ 4135 ጋላ። ቁጥሩ ዓለም አቀፍ ነው፣ ትልቅና ትንሽ ፍሬ የተለያየ ቁጥር ስላላቸው ሌላም ልታገኙ ትችላላችሁ። ጠረጴዛ ላይ ደርድሯቸውና ገልብጧቸው። ሬድ ደሊሽስ ቂጡ ላይ አምስት ጉብታ አለው፣ እንደ ክራንቻ፣ በእነሱ ላይ ብታቆሙት ይቆማል። ጎልደን ደሊሽስ ቢጫ ነው፣ ጭራው ረዘም ይላል፣ ነጠብጣቡ ቡናማ ነው። ጋላ ትንሽና ክብ፣ ቢጫው ላይ ብርቱካናማ ቀይ መስመር የተሰመረበት። ፉጂ ጠንካራና ጣፋጭ፣ ለረጅም ጊዜ የሚቀመጥ። ግራኒ ስሚዝን ዓይናችሁን ጨፍናችሁም ታውቁታላችሁ፣ ምራቅ ያስውጣል። በነገራችን ላይ ሬድ ደሊሽስና ጎልደን ደሊሽስ ዘመድ አይደሉም። የተገኙትም በሁለት የተለያዩ የአሜሪካ ግዛቶች ነው፤ ስማቸውን ያመሳሰለው ሁለቱንም የሸጠው ነጋዴ ነው።

እኛ የምንተክላቸው ደግሞ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ብዙም አይገኙም። አና እስራኤል ውስጥ ለሞቃት አየር የተዳቀለ ነው። ረዘም ያለ ፍሬ ነው፣ ቅርጹ ሬድ ደሊሽስን ይመስላል፣ መደቡ አረንጓዴ ቢጫ ሆኖ ፀሐይ ያየው ጎኑ ይቀላል። ቶሎ ይደርሳል፣ ቶሎም ይለሰልሳል። ዶርሴት ጎልደን ከባሃማስ የመጣ ነው፤ ቢጫ፣ አነስ ያለ፣ ጎልደን ደሊሽስን የሚመስል፣ አንዳንዴ ጉንጩ ላይ ሮዝ ጣል ያደረገበት። ጨንቻ ሄዳችሁ ከሆነ ክሪስፒንና ጆናጎልድ የሚባሉ ትልልቆችም አሉ። ክሪስፒን አረንጓዴ ሆኖ ሲበስል ወደ ቢጫ ይሄዳል፣ ጆናጎልድ ቢጫው ላይ ቀይ ይፈስበታል።

ደርሷል አልደረሰም ለማለት አንዱን መሃል ለመሃል ቁረጡት። ዘሩ ነጭ ከሆነ ጥሬ ነው፣ ቡናማ ከሆነ ደርሷል። ከፋርማሲ አዮዲን ካገኛችሁ የተቆረጠው ላይ ቀቡት፤ የጠቆረው ቦታ ገና ስኳር ያልሆነ ስታርች ነው፣ ነጭ የቀረው ጣፍጧል። ያንን ቁራጭ ግን አትብሉት።

ጎረቤት

ሦስቱ አናዎቼ በሦስተኛው ዓመት አምረው አበቡ። ነጭና ሮዝ፣ ንቡ ሲርመሰመስ። አክስቴ ማሻአላህ አለች። ከዚያ አበባው ረገፈ፣ ከሦስቱ ዛፍ የተሰበሰበው አሥራ አንድ ፍሬ ነው።

ንቡ አልሰነፈም። ሦስቱም አና ናቸው፣ ማለትም ሦስቱም የአንድ ዛፍ ቅርንጫፎች ናቸው፣ ማለትም እንደ አንድ ዛፍ ናቸው። አንድ መቶ አና ብትተክሉም ያው አንድ አና ነው። ሌላ ዓይነት ያስፈልጋል፣ ያውም በዚያው ሰሞን የሚያብብ። ግራኒ ስሚዜ ቢኖርም የሚያብበው አና ካረገፈ በኋላ ነበር፣ እንደማይገናኙ ጎረቤቶች። ለአና የሚታወቀው ጓደኛ ዶርሴት ጎልደን ነው፣ በአንድ ሰሞን ያብባሉ። ለሦስት አራት ዛፍ አንድ ይበቃል፣ ሃያ ሜትር ውስጥ ከሆነ።

ክሪስፒንና ጆናጎልድ ላይ ተጠንቀቁ። እነሱ ልክ እንደ በቅሎ ናቸው፣ ክሮሞዞማቸው ጎደሎ ቁጥር ስለሆነ ብናኛቸው ለሌላ አይጠቅምም። እነሱ ከሌላ ተቀብለው ያፈራሉ፣ መልሰው ግን አይሰጡም። አንዱን ከተከላችሁ ሌላ ሁለት ዓይነት አብሮ ይኑር፣ አለበለዚያ ያኛውም ጎረቤት ሳያፈራ ይቀራል።

ቅጠሉን መሸምጠጥ

ይህንን ሳደርግ አክስቴ «አንተ ልጅ፣ ዛፉ ምን አደረገህ?» ብላ ከቤት ወጣች።

ብርዱ ስለማይበቃ ዛፋችን ቅጠሉን በራሱ በጊዜ አያራግፍም። ቅጠሉ እስካለ ድረስ ደግሞ እንቡጡ ተዘግቶ ይቆያል። ስለዚህ ፍሬው ከተለቀመና የሚቀጥለው ዓመት እንቡጥ ከሞላ በኋላ ቅጠሉን በእጅ እንሸመጥጣለን። ወደ ታች አትጎትቱ፣ እንቡጡን ይዞት ይመጣል፤ ከሥሩ ወደ ቅርንጫፉ ጫፍ አቅጣጫ ግፉት። ከዚያ በፊት ሁለት ሦስት ሳምንት ውሃ መከልከልም ይረዳል። አንድ ወር ሳይሞላ አበባው አንድ ላይ ይፈነዳል። ዋናው ጥቅሙ እሱ ነው፣ ሁሉም አንድ ላይ ማበቡ፤ ጓደኞቹም በአንድ ሳምንት ከተሸመጠጡ ይገጣጠማሉ።

መቼ የሚለው የየቦታው ነው። እኔ ጥር መጀመሪያ ላይ ነው የምሸመጥጠው፣ አበባው ከከባዱ ውርጭ በኋላ፣ ጥር መጨረሻ ላይ እንዲወጣልኝ። በልጉ ከመጣ ፍሬውን ያሳድገዋል፣ ካልመጣ ባልዲ ይዤ እመላለሳለሁ። አና ከአበባ እስከ ለቀማ ሦስት ወር ተኩል ገደማ ነው የሚፈጀው፣ ስለዚህ የሐምሌ በረዶ ሳይመጣ ቅርጫት ውስጥ ይገባል።

ቀጥ ብሎ ወደ ሰማይ የሚወጣ ቅርንጫፍ እንጨት እንጂ ፍሬ አይሰጥም። በገመድ አስራችሁ ድንጋይ አንጠልጥሉበት፣ ጋደም ይበል። ፍሬው ብይ ሲያክል ደግሞ አሳሱት፤ በየስንዝሩ አንድ ይቅር። ያሳዝናል፣ አውቃለሁ። ካላሳሳችሁት ግን ዘንድሮ የሽምብራ ክምር፣ ከርሞ ባዶ ይሆናል።

ጉድጓዱ ስልሳ በስልሳ ሴንቲሜትር፣ የላይኛው አፈር ለብቻ፣ ከበሰበሰ ፍግ ጋር ተደባልቆ ተመልሶ ይገባል። ውሃ የሚተኛበት ዋልካ ላይ አትትከሉ፣ ኤምኤም 106 አንገቱ ይበሰብሳል። ግንዱ ላይ ጥጥ የመሰለ ነገር ካያችሁ በጣት ጨፍልቁት፤ ደም የመሰለ ቀይ ካወጣ ክሽክሽ የሚባለው ተባይ ነው፣ በሳሙና ውሃና በብሩሽ ፈግፍጉት። ፍየል ግን ከበሽታው ሁሉ ይብሳል።

አምስተኛውን ዛፍ ልቆርጠው ነበር። አክስቴ ጥላው ደስ ይላል አለች፣ ተውኩት። ካቻምና ጥር ላይ ከአንድ ወዳጄ ጓሮ እርሳስ የሚያክል የዶርሴት ጎልደን ቅርንጫፍ አመጣሁ። ያልነቃ መሆን አለበት፣ እንቡጡ የተዘጋ። ዛፉን በጉልበቴ ከፍታ ላይ ቆረጥኩት፣ ከጎኑ አዲስ የወጣ ተመሳሳይ ውፍረት ያለው ቀንበጥ ለቅቄ። ሁለቱንም ሰያፍ ቆርጬ፣ ከልጣጩ ሥር ያለችውን ቀጭን አረንጓዴ መስመር ከመስመር አገጣጥሜ፣ በፌስታል ቁራጭ ጠምጥሜ አሰርኩት። መስመሮቹ ካልተነካኩ አይዝም፣ ሙያው በሙሉ እዚያ ላይ ነው። ሦስት ቦታ ላይ እንዲህ ቀጥዬ ነበር፤ ከሦስቱ ሁለቱ ያዙ።

ዘንድሮ አበባ አወጣ፣ ከአናዎቹ በሁለት ቀን ብቻ ዘግይቶ። ስሙን የለስላሳ ቆርቆሮ በመቀስ ቆርጬ፣ ቀለሙ ባለቀ እስክሪብቶ ጫን ጫን አድርጌ ጻፍኩበት፤ ወረቀት በአንድ ክረምት ይጠፋል፣ ይሄ ግን አይለቅም። ከላይ ዶርሴት ጎልደን፣ ከታች ኤምኤም 106 የሚል ነው። ሽቦው ላላ ብሎ ነው የታሰረው፣ ግንዱ ሲወፍር እንዳያንቀው።